ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

ኔንደን ከሥራ ስትመለስ ለእናቷ ለኤንቲን አንድ ጠርሙስ ይዛ መጣች። በጠርሙሱ ላይ ካሮት፣ ጎመንና ኤንቲን ስሙን የማታውቀው ጠቆር ያለ ፍሬ ተስለዋል፤ ከነሱ በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ዓይን ተበልጥጦ ያያል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ኤንቲን።

«ለዓይን ነው፣ ኤማ» አለች ኔንደን፤ በአገራቸው ቋንቋ እማዬ ማለቷ ነው። «አትክልትና ፍራፍሬውን አድርቀው፣ ፈጭተው ክኒን ያደረጉት ነው። መሥሪያ ቤት ሁሉም እየወሰደው ነው።»

«ሁሉም ዓይኑን ያመዋል?»

«ኧረ አያመውም። እንዳያመው ነው።»

«እሺ፤ የወሰዱት ካልወሰዱት ጋር ተስተያይተዋል?»

ኔንደን ጫማዋን እያወለቀች ሳቀች። «የሰው እናት ስጦታ ሲመጣላት ትመርቃለች። የኔ እናት ትመረምራለች።»

መረቀቻት፤ ኤንቲን በምርቃት አትሰስትም። ጥያቄዋን ግን አልተወችም። ሐኪሙ በቅርቡ ዓይኗን አይቶ ደህና ነሽ ብሏታል፤ ያልጎደለ ነገር በክኒን ቢመጣ የት ይገባል? ይህን ዓይነት ጥያቄ ከመጽሐፍ አልተማረችውም። የተማረችው ኔንደን ራሷ ገና ጡት ስትጠባ፣ ከባንዱንግ ከተማ ወዲያ ባለው ተራራ ወገብ ላይ፣ ቺቡንታር በምትባል መንደር ነው። ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ወደ ውጭ አየች። የከተማው መብራት ቦግ ቦግ ማለት ጀምሯል። እዚህ ቀኑ ሲያልቅ መብራት ይቀበለዋል፤ መሸ የሚባል ነገር የለም። ቺቡንታር ግን ያኔ ከልቡ ይመሽ ነበር።

ኤሌክትሪክ ገና ተራራውን አልወጣም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የመስጊዱ ከበሮ ይመታል፤ ዶሮዎቹ ከቀርከሃው ወለል ሥር ይገባሉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ይሰበስባሉ። ያልገባን ልጅ ሳንደካላ ይወስደዋል። ሳንደካላ ምን እንደሚመስል የሚናገር የለም፤ ያየውማ ተወስዷል። ከየቤቱ የኩራዝ ጭስና የጨው ዓሣ ጥብስ ሽታ ይወጣል፤ ከሩዙ ማሳ የእንቁራሪቶች ጫጫታ ይነሳል። ኤንቲን ያን ሽታ ዛሬም አልረሳችውም። ድህነት ነበር፤ እሷም አትክደውም። ግን ድህነት መሆኑን ሰው የነገራቸው ቆይቶ ነው፤ እስኪነገራቸው ድረስ ኑሮ ይሉት ነበር።

እናቷ ማ ኢቾህ ቅጠል ሻጭ ነበረች። ሱንዳን፣ የዚያን አገር ሰው፣ አትክልት ቦታ ውስጥ ቆልፈህበት ብትሄድ ወፍሮ ይጠብቅሃል ብለው የሌላ አገር ሰዎች ይቀልዳሉ፤ ሱንዳዎቹም ቀልዱን አይክዱም። ቅጠሉን የሚበሉት ጥሬውን ነው፤ ታጥቦ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ በድንጋይ በተፈጨ የበርበሬ ሳምባል እያጠቀሱ፣ ከትኩስ ሩዝ ጋር። ማ ኢቾህ የቅጠል ሁሉ ባለቤት ነበረች። የትኛው ወተት እንደሚጨምር፣ የትኛው ሆድ እንደሚያስር፣ የትኛው ለዓይን እንደሚበጅ ታውቃለች፤ ባታውቅም ትናገራለች። ቅርጫቷን አዝላ በሦስት መንደር ስትዞር «የዓይን ቅጠል! የዓይን ቅጠል!» እያለች ነበር የምትጣራው። «የኔን ቅጠል በልቶ ዓይኑ የደከመ ካለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብላ ትምላለች። ሰውም ያምናታል፤ አምኖም ይገዛታል። ድሮ ጎህ ሳይቀድ ነበር ለገበያ የምትወጣው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን ጉልበቴን ያመኛል እያለች ፀሐይ ካልወጣች ከቤት አትነሳም።

ኤንቲን ኔንደንን ከወለደች በኋላ ዳፍንት ያዛት።

ቀን ቀን ደህና ናት፤ ሩዝ ትለቅማለች፣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ግን አንድ ሰው በዓለሙ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይጥልባታል። ሌላው ሰው ገና መንገዱን እያየ ሲሄድ እሷ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። ባሏ ዳዳንግ ጃካርታ ሕንፃ ሥራ ላይ ስለነበር ከሱ መደበቁ አላስቸገራትም። ከእናቷ ለመደበቅ ግን ብልሃት አስፈለጋት፤ እዚህ ላይ ሳንደካላ ደረሰላት። «ጨቅላ ይዤ በመግሪብ አልወጣም» ትላለች። ልጅ የታቀፈች ሴት እንዲህ ስትል ማን ይከራከራታል?

የደበቀችው ለእናቷ ብላ ነው። በዓይን ቅጠል ያደገች፣ የቅጠል ሻጯ ብቸኛ ልጅ፣ እሷን ዳፍንት ያዛት ከተባለ የማ ኢቾህ ስም በሦስቱም መንደር አበቃለት። መተዳደሪያቸው ከዚያ ቅርጫት ነው። ከመተዳደሪያው በላይ ግን ኤንቲን እናቷ አንገቷን ስትደፋ ማየት አትችልም ነበር፤ አይታትም አታውቅ። በአንድ በኩል ዓይኗ፣ በሌላ በኩል የእናቷ ስም፤ እሷ መሀል ላይ ዝም አለች።

የከተማ ሰዎች የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ነጭ መኪና ከድልድዩ ወዲያ ቆመና ሐኪም፣ ሚዛን፣ በካርቶን የታሸገ ብስኩትና ራስቲ የምትባል ቀጭን ልጅ ወረዱበት። ራስቲ የጃዋ ልጅ ናት፤ የሱንዳን ቋንቋ አትሰማም፤ የመንግሥቱን ቋንቋ ደግሞ እንደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ አጥርታ ትናገራለች። ሐኪሙ በመንደሩ ሹም ቤት በረንዳ ላይ ነገሩን አስረዳ። የሚያጠቡ እናቶች በዕጣ በሦስት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን በየቀኑ የበሰለ ቅጠል ይበላል። ሌላው ካሮትን ቢጫ የሚያደርገው ነገር የተጨመረበት ብስኩት፣ የቀረው ደግሞ ምንም ያልተጨመረበት ብስኩት ይሰጠዋል፤ የማን ብስኩት የትኛው እንደሆነ ለማንም አይነገርም። በመጨረሻ ደማቸው ይታያል፣ ለዓይን የሚበጀው ይለያል።

«ይኼን ለማወቅ ከባንዱንግ ድረስ መጣችሁ?» አለች ማ ኢቾህ። «እኔን ብትጠይቁኝ በነፃ እነግራችሁ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሐኪሙም አብሮ ሳቀና ኢቡ፣ እመቤት እንደማለት፣ ብሎ መለሰላት። «እኛም እንደርስዎ ነው የምናስበው፣ ኢቡ። ግን ያሰብነውን ሁሉ ካላየን እንዴት እናምናለን? ቅጠል የበላውን ብቻ አይቼ ዳነ ብል፣ ያልበላውም ድኖ እንደሆነስ?»

«ሲያወሳስበው!» አለች ማ ኢቾህ።

ከሁሉ በፊት ዳፍንት ያለባቸው መለየት ነበረባቸው። እነሱ ወዲያው መድኃኒት ይሰጣቸዋል እንጂ ጥናቱ ውስጥ አይገቡም። ራስቲ ሰላምታው ገና ሳያልቅ ወረቀቷን አውጥታ ቆመች።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» አለች ጎረቤታቸው ኦናህ በሹክሹክታ።

ዳፍንት በመንግሥቱ ቋንቋ ስሙ የዶሮ ዕውርነት ነው፤ ዶሮም ሲመሽ አይታያትምና። መንደሩ ግን የራሱ ቃል ስላለው ይህን ስም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። ራስቲ ያጠናችውን አለች። «ከእናንተ መካከል የዶሮ ዕውርነት ያለባት አለች?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሐኪም ሰው ስለ ዶሮ ይጠይቃል ብለው አልጠበቁም፤ ቢሆንም እንግዳ ጠይቆ ዝም አይባልም።

«የኔዎቹ ደህና ናቸው፣ ኔንግ» አለች ኦናህ በተሰባበረ የመንግሥት ቋንቋ፤ ኔንግ ወጣት ሴት የሚጠሩበት ነው። «ፈንግል ነው እንጂ የፈጀን ዕውርነትስ የለም።»

«እኔ ጋ አንዷ ዓይኗ ጠፍቷል» አለች ሌላዋ። «እሱም አውራው ጠንቁሏት ነው። እንቁላሏ ግን አልቀነሰም።»

«እንቁላል?» አለች ራስቲ።

«ትጥላለች ማለቴ ነው። ላምጣልሽ?»

ራስቲ አጥርታ የሰማችው «የለም» የሚለውን ብቻ ነበር። ደስ ብሏት አልሐምዱሊላህ አለችና በሁሉም ስም ፊት የለም ብላ ጻፈች። በረንዳው በሳቅ ተሞላ። ማ ኢቾህ ከሁሉ ዘግይታ ጀመረች፤ ከሁሉም አስረዝማ ሳቀች። ኤንቲን የጥያቄው ፍች የገባት ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የሩዙ ማሳ ድንበር ላይ ነው። ባለችበት ቆመች።

«ምነው ቆምሽ?» አለች እናቷ።

«ያቺ ልጅ የጠየቀችው እኮ...»

«ስለ ዶሮ ነው የጠየቀችው» አለች ማ ኢቾህ ቶሎ ብላ። «ነይ እንሂድ፣ ሳይመሽ።»

ለኤንቲን ቅጠል ደረሳት፤ ለኦናህ ብስኩት። ማ ኢቾህ ቅጠል አቅራቢም አብሳይም ሆና ገባች፤ የመጀመሪያው ቀን ግን ጠብ ሊነሳ ነበር። «ቅጠል ቀቅሎ ማብላት? መንደሩ በሙሉ ሆስፒታል ተኝቷል እንዴ?» አለች። ራስቲ ዘይት በማንኪያ ለክታ ስትጨምርበት ደግሞ ጭራሽ ፊቷን አዞረች።

«ዘይት ካልገባበት ቅጠሉ ያለውን አይሰጥም፣ ኢቡ ኢቾህ።»

«የኔ ቅጠል ንፉግ አይደለም፣ ኔንግ።»

ቢሆንም ቀቀለችው፤ ቀቅላም ሰው እንዳያያት ከጥግ ሆና ቀመሰችው።

እነዚያ ወራት ለኤንቲን የዕድሜዋ ጣፋጭ ወራት ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሳቅ አልሳቀችም። እናቶቹ በየረፋዱ በሹሙ በረንዳ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው በረድፍ ይቀመጣሉ፣ ልጆቻቸው በማዘያ ጨርቅ ደረታቸው ላይ ያንቀላፋሉ፣ ከታች የዓሣ ኩሬው ያብለጨልጫል።

«ቲን፣ ዛሬም ሣር ነው?» ትላለች ኦናህ።

«አንቺስ ቴህ፣ ዛሬም ካርቶን ነው?» ትላታለች ኤንቲን፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርታት።

«ካርቶኑስ ባልከፋ፤ የኔ ባዶው ከሆነ ግን ማን ይክሰኛል?»

አገሩ ደግሞ ብቻውን የሚበላ ሰው የሚታዘንበት አገር ነው። ጎራሽ ሁሉ ከመጉረሱ በፊት ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ነይ እንብላ» ይላል፤ ራስቲ ይህን በሰማች ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል። «አትስጧት! አትቀባበሉ!» እያለች ከአንዷ ወደ አንዷ ትሮጣለች።

«ኧረ አንሰጣትም፣ ለወጉ ነው» ይሏታል። «ካላልንማ ምግቡ ይጣላናል።»

ኤንቲን ሳህኗን ሙልጭ አድርጋ ትበላ ነበር። ተስፋዋ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ቅጠሉ ካዳናት ዓይኗም ይመለሳል፣ የእናቷም ስም ይተርፋል፤ ለማንም ምንም ሳትናገር። ስለዚህ በየምሽቱ፣ ከበሮው ሲመታ፣ በሩ ላይ ቆማ መዳፏን ከፊቷ ታነሳለች። መዳፏ አይታይም። ምናልባት ነገ ትላለች። ነገም መዳፉ እዚያው ጨለማው ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ዝናብ አዘገያት። ከመንደሩ ግርጌ ካለው ምንጭ ልብስ አጥባ፣ ኔንደንን በማዘያ ደረቷ ላይ አስራ ስትመለስ ከበሮው መንገድ ላይ ያዛት። ቤታቸው ለመድረስ በዓሣው ኩሬ ላይ የተጋደመውን ቀርከሃ መሻገር ነበረባት። በቀን ዓይኗን ጨፍና የምትሻገረው ነው። ያን ዕለት ግን እግሯ ባዶ ረገጠና ውኃው ውስጥ ገባች። ልጅቷን ከማዘያው መንጭቃ በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሳቻት። ውኃው ደረቷ ጋ ደርሶ ቆመ። ዳሩ በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም፤ አንድ እርምጃ ብትሳሳት ወደ ጥልቁ ነው። ኔንደን አላለቀሰችም፤ ይኼ ይበልጥ አስፈራት።

«ቲን! የት ነሽ?» አለች እናቷ ከበሩ።

«ኩሬው ውስጥ ነኝ፣ ኤማ! ልጅቷን ያዢልኝ!»

«አውሪ! ዝም አትበይ፣ አውሪ!»

ኤንቲን አወራች፤ ምን እንዳወራች አታስታውስም። ማ ኢቾህ ድምፅዋን ተከትላ እየተንፏቀቀች መጣችና ከነልብሷ ውኃው ውስጥ ገባች። እጇ በመጀመሪያ የኤንቲንን ፀጉር፣ ቀጥሎ ትከሻዋን፣ ከዚያ የልጅቷን እግር አገኘ። ሦስቱም ተያይዘው ዳር ወጡ።

«እግሬን አዳልጦኝ ነው» አለች ኤንቲን በረንዳው ላይ ስትንቀጠቀጥ።

«ቀርከሃው ሙልጭልጭ ብሏል» አለች እናቷ።

ልጅቷን በደረቅ ጨርቅ ጠቀለሏት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይህንን ነው።

በማግስቱ ኤንቲን ከሁሉ ቀድማ ሄዳ ራስቲን ብቻዋን አገኘቻት። «ዳፍንት አለብኝ» አለቻት፣ በመንደሩ ቃል።

«ምን አለብሽ?»

«ሲመሽ አይታየኝም። ሰው ሁሉ እያየ እኔ አላይም። እንደ ዶሮ።»

ራስቲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያን ቀን... ዶሮዎቻችን ደህና ናቸው ያላችሁኝ...»

«ዶሮዎቻችንማ ደህና ናቸው» አለች ኤንቲን።

ራስቲ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ያን ዕለት ሁሉንም ሰብስባ፣ አሁን በተማረችው የመንደሩ ቃል፣ አጣምማ ብትጠራውም፣ እንደገና ጠየቀች። በረንዳው ላይ ማንም አልሳቀም። አንድ እጅ ተነሳ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ የኦናህ። ማ ኢቾህ ምድጃው ሥር ሆና ድስቷን ታማስላለች፤ ቀና አላለችም። ራስቲ አንዲት ቀይ የመድኃኒት እንክብል ጫፏን ቆርጣ ኤንቲን አፍ ውስጥ ጨመቀችላት፤ የዓሣ ዘይት ጣዕም አላት። «ከቅጠሉ ወጥተሻል» አለቻትና ስሟ ላይ መስመር አሰመረች። ኤንቲን የዚያን መስመር ያህል የከበዳት ነገር የለም፤ እናቷ እየሰማች ነበራ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ማ ኢቾህ ከፊት ከፊት ትራመዳለች። ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ቆመች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ምን ይላል ብዬ ነው፣ ኤማ። ቅጠልሽን...»

«ቅጠሌን?» አለች ማ ኢቾህ። «ቅጠል ቢቆርጡት ይበቅላል። አንቺ ኩሬ ውስጥ ብትቀሪ ትበቅያለሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሮቹ ስትዞር «ቅጠል! ቅጠል!» ብቻ ትል ጀመር። የዓይኑን ነገር ተወችው።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ምሽት ከበሮው ተመታ፤ ኤንቲን እንደ ልማዷ በሩን ይዛ ቆማ ነበር። ከሩዙ ማሳ በላይ ነጫጭ ሳቢሳዎች ወደ ቀርከሃው ጫካ ሲበሩ አየች። መጀመሪያ ሐሳብ መሰላት። ከዚያ የኦናህን ጣሪያ አየች፣ ከጣሪያው የሚወጣውን ጭስ፣ ኩሬው ላይ የቀረውን የሰማይ ቀለም። ሰማያዊ ሳይሆን፣ ግራጫ ሳይሆን፣ ስም የሌለው ቀለም ነበር። ይህን ያህል ናፍቃው እንደነበር አላወቀችም። እንባዋ መጣና ያገኘችውን መልሶ ሊጋርድባት ሲል ቶሎ ጠረገችው።

ለእናቷ ልትነግራት ወደ ውስጥ ገባች። ጋዝ ለመቆጠብ ኩራዙ ገና አልተለኮሰም። ማ ኢቾህ ምንጣፉ ላይ ራቱን አቅርባ ተቀምጣለች። አንዲቱን የጨው ዓሣ ለሁለት ሰበረቻት። ትልቁን ቁራጭ ይዛ እጇን ዘረጋች፤ ጣቷ የኤንቲንን ሳህን ጠርዝ ዳሰሰ፣ ጠርዙን ተከትሎ ሄደ፣ ሩዙን አገኘ፣ ዓሣውን እላዩ ላይ አኖረው። ከዚያ ትንሹንም ቁራጭ ጨመረችበት። እጇ ተመልሶ የራሷን ሳህን ፈለገ። ሩዝና ቅጠል ብቻ ጎረሰች።

ኤንቲን ባለችበት ቀረች። «ኤማ፣ አንቺስ ዓሣ አለሽ?»

«እየበላሁ አይደል?» አለች ማ ኢቾህ፣ ቅጠሉን ጮክ አድርጋ እያኘከች።

ኤንቲን ቀስ ብላ ተጠጋችና እጇን በእናቷ ፊት አወዛወዘች። ማ ኢቾህ ቀና ብላ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ በእጁ ውስጥ አልፋ ግድግዳውን ታያለች። ኤንቲን ያኔ ሁሉም ነገር ገባት፤ ፀሐይ ካልወጣች የማይሄደው ጉልበት፣ የዶሮው ቀን ረጅም ሳቅ፣ ኩሬው ውስጥ «አውሪ» ያለው ድምፅ። እናቷም ሳታይ ነበር ውኃው ውስጥ የገባችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ኤማ?»

«ምኑ?»

ኤንቲን እጇን ያዘቻት። ማ ኢቾህ ማኘኳን ተወች። ሳህኗን ገፋ አደረገች። «አባትሽ ከሞተ ወዲህ ነው። ሐዘን መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ኤንቲን እጇን ይዛ ሐኪሙ ፊት አቀረበቻት። ጥናቱ አብቅቶ የቀሩት እናቶች ደም ታይቶ ስለነበር፣ ሐኪሙ ያን ዕለት የመጣው ውጤቱን ለመንገር ነበር። ቢጫው የተጨመረበትን ብስኩት የበሉት ደማቸው ተሻሽሏል፤ ቅጠል የበሉት ግን ባዶውን ከበሉት ብዙም አልተለዩም። «እኔም ይኼን አልጠበቅሁም» አለ። «የሚቀጥለው ጥናት ሌላ ይል ይሆናል። የዚህ መንደር ደም የሚለው ግን ይኼን ነው።»

በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉም ወደ ማ ኢቾህ ዞሩ።

«ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ውሸት ነው የሸጥኩት?» አለች።

«ውሸት አይደለም፣ ኢቡ። ቅጠሉ ለዓይን የሚበጀው አለው፤ ግን አጥብቆ ይይዘዋል። እንቁላል፣ ጉበት፣ የበሰለ ፓፓያ ቶሎ ይለቃሉ።»

«ንፉግ ነው በለኝ» አለች ማ ኢቾህ፤ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

ሐኪሙ ዓይኗን በትንሽ መብራት እያየ ብዙ ቆየ። ቀይዋን እንክብል ሰጣትና ኤንቲንን ወደ ጎን ጠራት። «የጎደለ ከሆነ ይሞላል፣ እንዳንቺ። ዓይኑ ራሱ ከውስጥ አርጅቶ ከሆነ ግን ክኒንም ብስኩትም አይመልሰውም። የቱ እንደሆነ ምሽቱ ይነግራችኋል።»

ምሽቶቹን ጠበቁ። ኤንቲን ለራሷ እንዲህ አልጠበቀችም። የመጀመሪያው ምሽት ምንም፤ የሚቀጥለውም ምንም። ማ ኢቾህ እንክብሉን በተሰጣት ቁጥር እንደ ዱዓ ዓይኗን ጨፍና ትውጠዋለች። አንድ ምሽት በረንዳው ላይ ኔንደንን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሳለ ተጣራች።

«ቲን፣ ነይ። አየሁ እኮ።»

ኤንቲን ሮጣ ወጣች። «ምን አየሽ፣ ኤማ?»

«ሁሉንም። ልጅቷን አያታለሁ። ይኼ ቀይ ቀሚስ እንዴት ያምርባታል!»

ኔንደን የለበሰችው አረንጓዴ ነበር። ቀዩ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ኤንቲን ከገመዱ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ፈገግ ብላ፣ ከልጅቷ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች። በሐኪሙ አፍ ሰምታ መቀበል ያቃታትን ኤንቲን ያኔ አመነችው። እናቷም አምናዋለች፤ አምናው ነው ይህን የቀይ ቀሚስ ውሸት የሰፋችው፣ ልጇ ሐዘን እንዳይገባት።

«አዎ፣ ኤማ» አለች። «ቀይ ያምርባታል።»

ራት ቀረበ። ማ ኢቾህ ዓሣዋን ሰበረችና፣ አሁን የምታይ ሰው ናትና፣ ሳትዳስስ እጇን በልበ ሙሉነት ዘረጋች። ቁራጩ ከኤንቲን ሳህን ውጭ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ኤንቲን ድምፅ ሳታሰማ አነሳችው፤ አጥንቱን ለቀመችና በእናቷ ሳህን ውስጥ፣ ከቅጠሉ ሥር ሸሸገችው።

ማ ኢቾህ ጎረሰች። ማኘኳ ዘገየ።

«ዛሬ ቅጠሉ ዓሣ ዓሣ ይላል» አለች።

«ሳምባሉ ይሆናል፣ ኤማ።»

ማ ኢቾህ ሳህኗ ላይ የቀረውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ እንደገና ጠቀለለች።

«ጥሩ ሳምባል ነው» አለችና እስከ መጨረሻው በላችው።